ያላየሽውን ቆጠራ ፈርመሽ፣ ፈተናውንም በ43 ወድቀሽ ለጻፍሽልኝ እህቴ

እንደምን ከረምሽ እህቴ። ደብዳቤሽ ረዘም ስለሚል ላንባቢ እንዲመች ዋና ዋናውን ብቻ አውጥቼ ላስቀምጠው፣

«እትዬ ሰላም ነው? እኔ የመሐል ሜዳ ልጅ ነኝ፣ አካውንቲንግ ጨርሼ ደብረ ብርሃን አንድ የኦዲት ድርጅት ውስጥ ጁኒየር ሆኜ ስሠራ ዓመት ከአራት ወሬ ነው። ጎን ለጎን ኤሲሲኤ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሙያ እየተማርኩ ነው፣ የግንቦቱን የኦዲት ፈተና 43 አመጣሁ። ቀን ኦዲት እየሠራሁ ኦዲት ወደቅሁ ብዬ ለሰው ለመንገር አፈርኩ። ሌላም አለ። ሐምሌ 1 ጠዋት ሸዋ ሮቢት አንድ የማሾ መጋዘን ቆጠራ ላይ መገኘት ነበረብን፣ ጣርማበር ላይ ጉሙና መንገድ የዘጋ ከባድ መኪና ይዞን ስንደርስ ስምንት ሰዓት ሆነ፣ ቆጥረው ጨርሰው ቆልፈዋል፣ ስቶር ኪፐሩም ሄዷል። ሲኒየሬ የቆጠራው ሺት ላይ ፈርሚ፣ ተገኝተን አይተናል ብለሽ ጻፊ አለኝ፣ ፈረምኩ። ሪፖርቱ ገና አልወጣም። ከዛን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሥራውን ለቅቄ ትምህርቴን ብቻ ልያዝ? ወይስ ትምህርቱ ይቅር? የሴፕቴምበሩን ልፈተን? ገና አልተመዘገብኩም። እናቴም ብር እንድልክላት ትጠብቃለች።»

መልሴን ከፊርማው ልጀምር፣ ምክንያቱም ፈተናው በዓመት አራቴ ይመጣል፣ ይሄኛው ግን ሪፖርቱ ከመውጣቱ በፊት ካልተስተካከለ በኋላ ማስተካከሉ በጣም ነው የሚከብደው። ሪፖርቱ ገና ነው ስላልሽኝ ደስ ብሎኛል፣ ጊዜ አለሽ።

ፊርማሽ ስህተት ነው የኔ እናት። ሲኒየር አዞኝ ነው ማለት እንዴት እንደፈረምሽ ይናገራል እንጂ ጥፋቱን ካንቺ ላይ አያነሳውም፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ያንቺ ነው። እስቲ አስቢው፣ የማሾ ነጋዴ አብዛኛው ሀብቱ መጋዘን ውስጥ ያለው ኩንታል ነው፣ ባንክ ብድር ሲሰጠው የሚያየው ኦዲት የተደረገውን ሂሳብ ነው፣ ባለ አክሲዮን ካለም ትርፍ የሚካፈለው በዛው ነው። የዓመት መጨረሻ ስቶኩ ተጋኖ ከተጻፈ የተሸጠው ዕቃ ወጪ ያንሳል፣ ትርፉ ያብጣል፣ ሌላ ምንም ሳይነካ ማለት ነው። ያ ሁሉ ሰው ደሞ «ኦዲተር ቆሞ አይቶታል» ብሎ ነው የሚያምነው። ማንም ግን አላየውም።

የሚያናድደኝ ደሞ ምን መሰለሽ፣ መዋሸቱ ጭራሽ አያስፈልግም ነበር! አይኤስኤ 501 የሚባለው ዓለም አቀፍ የኦዲት ስታንዳርድ ልክ ያንቺን ዓይነት ነገር አስቦ አስቀምጦታል። ኦዲተሩ ባላሰበው ምክንያት ቆጠራው ላይ መገኘት ካልቻለ በሌላ ቀን ሄዶ ራሱ የተወሰነ ይቆጥራል ወይም ሲቆጠር ያያል፣ ከዛ ከቆጠራው ቀን ወዲህ የገባውንና የወጣውን ይፈትሻል። የጣርማበር ጉም በክረምት ምን እንደሚመስል ሰሜን ሸዋ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ከዚህ በላይ ምን ያልታሰበ ምክንያት አለ። «ዘግይተን ደረስን» ብሎ መጻፍ ነውር አልነበረም፣ በሳምንቱ ተመልሶ መቁጠር ብቻ ነበር የሚፈለገው።

አሁንም አልረፈደም። ሂሳቡን በምሳሌ ላሳይሽ፣ ቁጥሩ የኔ ነው። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ሄዳችሁ መጋዘኑን ቆጠራችሁ እንበል፣ 1,850 ኩንታል አገኛችሁ። ከሐምሌ 1 እስከዛ ቀን በወጪ ደረሰኝ የወጣው 640 ነው፣ በገቢ ደረሰኝ የገባው 210 ነው። የወጣውን ትደምሪያለሽ የገባውን ትቀንሻለሽ፣ 1,850 ሲደመር 640 ሲቀነስ 210፣ ዓመቱ በሚዘጋበት በሰኔ 30 መኖር የነበረበት 2,280 ኩንታል ነው። የፈረምሽው ሺት 2,300 ካለ 20 ኩንታል የት ገባ ብለሽ ትጠይቂያለሽ፣ ሲበጠር የወጣ ብጣሪ ሊሆን ይችላል፣ እርጥበቱ ቀንሶ ሊሆን ይችላል፣ ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ሽያጭም ሊሆን ይችላል፣ እሱን ማስረጃ ነው የሚለየው እንጂ የስቶር ኪፐሩ ቃል ብቻ አይደለም። ይሄ ሂሳብ የሚያስኬደው ደሞ ደረሰኞቹ ከታመኑ ነው፣ ስለዚ ተከታታይ ቁጥራቸውን እዪ፣ የዘለለ ካለ ጠይቂ፣ የሰኔ 30 የመጨረሻዋ የገቢና የወጪ ደረሰኝ ቁጥር ስንት እንደነበር ያዢ፣ የሐምሌ ዕቃ ወደ ሰኔ የሰኔው ወደ ሐምሌ የሚሾልከው እዛ ጋ ነው።

መጋዘን ስትገቢ ደሞ በሁለቱም አቅጣጫ ነው የሚቆጠረው፣ ከሺቱ መርጠሽ መሬት ላይ ትፈልጊያለሽ፣ ዕቃው መኖሩን ነው የሚነግርሽ፣ ከመሬት መርጠሽ ሺቱ ላይ ትፈልጊያለሽ፣ ያልተመዘገበ የቀረ ዕቃ አለመኖሩን ነው የሚነግርሽ። እኔ ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ደነባ አካባቢ አንድ የባቄላ መጋዘን ተልኬ ሁለቱንም አድርጌ ሁሉም ገጥሞልኝ ደስ ብሎኝ ልወጣ ስል አንድ ጫኝና አውራጅ ሽማግሌ «ልጄ ያንን የጎረቤቱንም ባቄላ ቆጠርሽው እንዴ?» አሉኝ። ለካ ጥግ ላይ ያለው 62 ጆንያ ዝናብ እንዳይመታው ጎረቤት ነጋዴ በአደራ ያስቀመጠው ነው፣ ሺቱ ላይ ግን የክላይንታችን ሆኖ ገብቷል። ዕቃው አለ፣ ቁጥሩ ልክ ነው፣ ባለቤቱ ግን ሌላ ሰው ነው። ባለመብትነት የሚባለውን ነገር ከመጽሐፍ ሦስቴ አንብቤው ነበር፣ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው፣ እስካሁን መጋዘን ስገባ መጀመሪያ ሰላም የምለው ጫኝና አውራጆቹን ነው። ስምንት ሰዓት ደርሰሽ የፈረምሽው ሺት ይሄን ዓይነት ነገር ሊነግርሽ አይችልም፣ ለዛ ነው መመለስ ያለብሽ።

ታዲያ እንዴት ታነሺዋለሽ? መጀመሪያ ለሲኒየርሽ፣ ብቻውን፣ በረጋ ቃል። «የሸዋ ሮቢቱ ቆጠራ ላይ ያልሆነውን ነው የጻፍነው፣ ሪፖርቱ ሳይወጣ በአማራጭ ቀን ሄደን ቆጥረን ወደ ኋላ እናስላው፣ የማስላቱን ሥራ እኔ እሠራዋለሁ» በይው። ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚደረግ፣ ማን እንደሚሠራው አብረሽ ስለምታቀርቢ ክስ አይመስለውም። አይሆንም ካለሽ ግን እዛ ላይ እንዳታቆሚ፣ ለማኔጀሩ በጽሁፍ ላኪ፣ አጭር ይሁን፣ ማንንም አትውቀሺ፣ «ሐምሌ 1 የደረስነው ቆጠራው ካለቀ በኋላ ነው፣ የኦዲት ሥራ ወረቀታችን ወርኪንግ ፔፐሩ ላይ ተገኝተናል ተብሎ የተጻፈው ትክክል ስላልሆነ እንዲታረም እጠይቃለሁ፣ እንዴት እንደማስተካክለው ይምሩኝ» ይበቃል። የሙያው የሥነ ምግባር ደንብ የመጀመሪያው መርህ ሀቀኝነት ነው፣ የተሳሳተ ነገር ላይ ስምሽ እንዳለ ስታውቂ ከሱ ለመለየት እርምጃ ውሰጂ ነው የሚለው፣ ጁኒየር ነኝ ማለት ከዚህ አያወጣም።

ሌላ እንዳትሳሳቺ፣ የድሮውን ወረቀት ቀደሽ አዲስ እንዳትጽፊ፣ ቀንም ወደ ኋላ እንዳትመልሺ። የመጀመሪያው ይቆይ፣ አጠገቡ ምን እንደተስተካከለ፣ ማን እንዳስተካከለው፣ በየትኛው ቀን እንደሆነ ይጻፍ። አንድን ስህተት በሌላ ስህተት መሸፈን የጀመረ ጁኒየር ስንቱን አይቻለሁ መሰለሽ፣ የመጀመሪያው ይቅር ይባላል፣ ሁለተኛው ነው ከሙያው የሚያስወጣው።

ምናልባት ያኮርፉሻል፣ አይደረግም ብዬ አልዋሽሽም። ድርጅቶቹ ግን በፋይናንስ ሪፖርት አዋጁ በ847/2006 የተነሳ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ አላቸው፣ ፈቃድ የሚሰጠውም ሥራቸውን የሚቆጣጠረውም እሱ ነው፣ ጤነኛ ፓርትነር፣ ሪፖርቱን የሚፈርመው የድርጅቱ ባለቤት ማለቴ ነው፣ ቦርዱ ፋይሉን ከፍቶ ከሚያገኘው ይልቅ ካንቺ ቢሰማ ይመርጣል። ተመልሳችሁ መቁጠር ካልተቻለና ስቶኩ ትልቅ ከሆነ ደሞ ፓርትነሩ ሪፖርቱ ላይ ማስረጃ አላገኘሁም ብሎ አስተያየቱን በዛ ልክ ይገድበዋል፣ ያ የሱ ውሳኔ ነው፣ ግን መወሰን የሚችለው እውነቱን ሲያውቅ ብቻ ነው፣ አሁን እኮ ደብቃችሁታል።

ወደ ፈተናው እንሂድ። ኦዲት እየሠሩ ኦዲት መውደቅ አያሳፍርም፣ እንዲያውም ብዙ ሠራተኛ የሚወድቀው እሱን ነው፣ ምክንያቱ ደሞ አለው። ፊልድ ላይ ሁላችንም «ቼክ አደረግነው» ብለን እናወራለን፣ ፈተናው ላይም «ኢንቮይሱን ቼክ ማድረግ» ብለሽ ከጻፍሽ ነጥቡ ወይ ግማሽ ነው ወይ ዜሮ ነው። ፈታኙ ሦስት ነገር ነው የሚፈልገው፣ ምን እንደምታደርጊ፣ ከየትኛው ሰነድ እንደምትነሺ፣ ለምን እንደምታደርጊው። «ከሰኔ 30 በፊት የተቆረጡ የመጨረሻ 10 የዕቃ ማስረከቢያዎችን ወስዶ ወደ ኢንቮይሱና ወደ ሽያጭ ሌጀሩ መከተል፣ ሽያጩ በትክክለኛው ዓመት መመዝገቡን ለማረጋገጥ» ካልሽ ሙሉ ነጥብሽን ትወስጃለሽ። ይሄን እኮ በየቀኑ ትሠሪዋለሽ፣ ለምን እንደምትሠሪው ስለማትጽፊው ነው የሚያመልጥሽ።

ስለዚ ከነገ ጀምሮ ወርኪንግ ፔፐርሽ ላይ ቲክ ከማድረግሽ በፊት ለራስሽ አንድ መስመር ጻፊ፣ ይሄን የማየው ምንን ለማወቅ ነው ብለሽ። ፔይሮል ላይ ከተመደብሽ ለምሳሌ ስም በስም ከመደመርሽ በፊት የጡረታውን ደረሰኝ አምጪ፣ የግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ አሠሪው 11 በመቶ ነው፣ አንድ ላይ 18፣ የወሩ መደበኛ ደሞዝ 500,000 ከሆነ የተከፈለው ጡረታ 90,000 መሆን አለበት። ደረሰኙ 90,000 እያለ ሌጀሩ ላይ መደበኛ ደሞዝ 640,000 ካገኘሽ የ140,000 ብር ሰዎች እነማን ናቸው ብለሽ ጠይቂ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ የትንተና ፕሮሲጀር የሚባለውን ምዕራፍ አጠናሽው ማለት ነው፣ ያን ቀን ማታ የዛኑ ምዕራፍ አንድ ጥያቄ ሠርተሽ ተኚ። ባንክ ላይ ከሆንሽ ማታ ከባንኩ በቀጥታ ማረጋገጫ የሚጠየቅበትን የኮንፈርሜሽን፣ ስቶክ ላይ ከሆንሽ የስቶክ። ሥራሽ አንድ መጽሐፍ ትምህርትሽ ሌላ መጽሐፍ ከሆነ ትደክሚያለሽ እንጂ አትጨርሺም፣ አንድ አድርጊያቸው።

ጊዜ እንዳልበቃሽም ጽፈሻል። ፈተናው ሦስት ሰዓት ነው መቶ ነጥብ፣ ለአንድ ነጥብ 1.8 ደቂቃ፣ የ20 ነጥብ ጥያቄ 36 ደቂቃ ነው በቃ። 36ኛዋ ላይ ሐሳቡ ባያልቅም ወደሚቀጥለው እለፊ። የሚጻፈው በኮምፒውተር ስለሆነም በደብተር አትለማመጂ፣ ላፕቶፕ ላይ ሰዓት ይዘሽ ጻፊ። ደብረ ብርሃን ከሥራ ስትወጪ ማታ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ መብራትም ይጠፋል፣ ድካሙም አለ፣ እኔ ያዋጣኝ በጊዜ ተኝቼ ሌሊት አስር ሰዓት ተነስቼ ጋቢ ደርቤ አንድ ሰዓት ተኩል መሥራት ነበር፣ በየቀኑ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ አንብቦ ማስመር ሳይሆን ጥያቄ መጻፍ።

የሴፕቴምበሩን ግን አትፈተኚ። ይሄን አጥብቄ ነው የምልሽ። የፈተና ካላንደሩ የተሠራው ላንቺ የሥራ ዓመት አይደለም፣ አንቺ ነሽ ልታስማሚው የሚገባው። የኛ ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ትልልቆቹ ግብር ከፋዮች ከዛ በአራት ወር ውስጥ፣ ማለትም እስከ ጥቅምት 30 ያሳውቃሉ፣ ስለዚ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ኦዲተር የሚባል ሰው ቤቱ የለም። የሴፕቴምበር ፈተና ነሐሴ መጨረሻ ነው የሚወድቅብሽ፣ ልክ ወላፈኑ መሃል። የዲሴምበሩ ግን ኅዳር መጨረሻ ነው፣ ጥቅምት 30 ካለፈ በኋላ ሦስት ሳምንት አለሽ፣ የዓመት ፈቃድሽን ከነዛ ውስጥ አንዱን ሳምንት ውሰጂ፣ ማኔጀርሽም ያኔ አይከለክልሽም። የጁኑ ግንቦት መጨረሻ ነው፣ ሰኔ 30 ሳይደርስ፣ እሱም ይመቻል። የማርቹ የካቲት መጨረሻ ነው፣ ጎበዝ ከሆንሽ ጨምሪው። ኅዳር ላይ ኦዲቷን ብቻዋን፣ ግንቦት ላይ ሌላ አንድ፣ ቀስ እያልሽ። ክፍያው ደሞ በፓውንድ ነው፣ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በብር ሲታሰብ ምን ያህል እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ ሳይዘጋጁ ገብቶ መውደቅ ለናትሽ የሚላከውን ብር መጣል ነው።

ሥራውን ልልቀቅ ወይ ላልሽው፣ አትልቀቂ። ፈተናውን ሁሉ ብታልፊ እንኳን አባል ለመሆን 36 ወር የሥራ ልምድ ይጠየቃል፣ ዘጠኝ የሥራ ግቦችም በአለቃ ተፈርመው መሞላት አለባቸው። አንቺ 16 ወር ሠርተሻል፣ ከአሁኑ መመዝገብ ካልጀመርሽ ዛሬ ጀምሪ፣ በኋላ ላስታውሰው ስትዪ አይመጣልሽም። ለቅቀሽ ብታጠኚ ፈተናው ቶሎ ያልፍ ይሆናል፣ ልምዱ ግን እንዳለ ቆሞ ይጠብቅሽና ያኔ እንደገና ጁኒየር ብለሽ ትጀምሪያለሽ። አንድ ነገር ብቻ ይለያል፣ ማኔጀሩም ፓርትነሩም ነግረሻቸው የውሸቱን ወረቀት እንዳለ እናወጣዋለን ካሉሽ ያን ድርጅት ልቀቂና ሌላ ድርጅት ውስጥ ቀጥዪ፣ የሠራሽው 16 ወር አይጠፋም፣ አብሮሽ ይሄዳል።

እናትሽ ጋ ያለውን ነገር በደብዳቤ ልፈታው አልችልም። ብቻ እንዳትደብቂያት። የኛ አገር እናት ልጄ ኦዲተር ሆነች ሲሏት ሌባ የምትይዝ የመንግሥት ሰው የሆንሽ ነው የሚመስላት፣ ደሞዝሽም በዛው ልክ ይመስላታል። ቤት ኪራዬ ይሄ ነው፣ ፈተናው ይሄን ያህል ይፈልጋል፣ በወር የምልክልሽ ይሄን ነው፣ እስከ ግንቦት አይጨምርም ብለሽ በቁጥር ንገሪያት፣ ትንሽ ብትሆንም ወር አታስዘልዪ። ቁጥሩን ካወቀች ራሷ ታብቃቃዋለች፣ የሚያስጨንቃት ዝምታሽ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ሲኒየርሽን አናግሪው፣ ወደ ሸዋ ሮቢት የምትወርዱበትን ቀን ቁረጡ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ስቶር ኪፐሩ ከሐምሌ 1 ወዲህ ያሉትን የገቢና የወጪ ደረሰኞች እንዲያዘጋጅ ንገሩት፣ ከነቢን ካርዱ፣ የዕቃው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚጻፍበት ካርድ ማለቴ ነው። ለከርሞ ደሞ ከጣርማበር ማዶ ቆጠራ ካለ ሰኔ 30 ከሰዓት ላይ ውረዱና እዛው እደሩ፣ የአንድ ሌሊት አበል ነው።